የአሰፋች ስንቅ

መቶ አለቃ ግዛቸው ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ወደ ለቅሶው ድንኳን ሲገባ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

«ዛሬ አትንገረኝ» አሉ።

«ምኑን አባቴ?»

«እባክህ ልጄ፣ መጀመሪያ ይቺን ልቅበር። የእሱን ነገ ትነግረኛለህ።»

መቶ አለቃው ለጊዜው አልገባውም። ኋላ የለበሰውን የፖሊስ ዩኒፎርም አስታወሰ። በዚያ ዘመን አሰላ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከሊቀመንበር ጋር ወደ አንድ ቤት ከዘለቀ መርዶ ይዞ ነው። የሽማግሌው አንድ ልጅ ሰሜን ግንባር ነበር።

«ስለ ልጅዎ አይደለም» አለ ቶሎ ብሎ። «ስለ እሱ የሰማሁት ክፉ ነገር የለም። የመጣሁት ስለ ባለቤትዎ ነው።»

«እሷማ ሞተች» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል። «ከሞተች በኋላ ደግሞ ምን ትፈልጉባታላችሁ?»

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ወፍራም ሰው ተነሣ። የሟች ወንድም ገብረወልድ ነው፤ ሌሊቱን ከጢቾ ሲጓዝ አድሮ ጠዋት ነው የደረሰው።

«እኔ ነኝ ያስጠራኋቸው። እህቴ በእግዜር እጅ አልሞተችም። ከገና ወዲህ የበላችው ሁሉ ሲያስመልሳት፣ እግሯን እሳት ላይ የቆመች ያህል ሲያቃጥላት ነበር። መርዝ ነው! ያበላቻት ደግሞ ያችውላችሁ!»

በጣቱ ወደ ድንኳኑ በር አመለከተ። እዚያ አንዲት ቀጭን ወጣት ማንቆርቆሪያ ይዛ እንግዳ ታስታጥብ ነበር። የሟች ምራት አሰፋች ናት። ውሃው መፍሰሱን አላቆመም፤ የሚታጠበው ሰው ግን እጁን ሰበሰበ።

የወይዘሮ ወለተ ማርያም አስከሬን በዚያ ቀን አልተቀበረም። ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሐኪሙ ከጉበቷና ከፀጉሯ ናሙና ወስዶ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ቀብሩ በማግስቱ ሆነ።

*

መቶ አለቃው አሰፋችን ያነጋገራት ከጓዳው በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ ነው።

«አማትሽን "አንቺ ካልሞትሽ እኔ አያልፍልኝም" ብለሻታል?»

«ብያታለሁ።»

አለመካዷ አስገረመው። «የት?»

«ቦኖ ውሃ ላይ። ፋብሪካ ሰው ይቀጥራል ሲባል ልመዝገብ ብዬ ነበር። "የወታደር ሚስት ወንድ መሐል አትውልም" ብላ ሰው ፊት አዋረደችኝ። ከአፌ አመለጠኝ።»

«ከዙቤዳ ሱቅ የአይጥ መርዝ ገዝተሻል?»

«ገዝቻለሁ። አይጥ ስንዴውን ጨረሰብን።»

«የተረፈው የታለ?»

«አልተረፈም። በየጉድጓዱ ጨመርኩት።»

«ስትጨምሪ ማን አየሽ?»

«አይጦቹ።»

ቀና ብሎ አያት። አልቀለደችም። አንድ እግሯን በሌላው እግሯ ላይ ታሻለች፤ ታቆምና ደግሞ ትጀምራለች። መቶ አለቃው የፈራ ሰው መቁነጥነጥ መሰለው።

*

የዙቤዳ ሱቅ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሴትዮዋ መቶ አለቃውን ገና ከሩቅ ስታየው መናገር ጀመረች።

«ስኳር ከሆነ ቀበሌ ጠይቅ፤ እኔ ጋ የለም።»

«ለአሰፋች የአይጥ መርዝ ሸጠሽላታል?»

«ለሷም ለሰፈሩም። ዘንድሮ አይጡ ከሰዉ በዝቷል። ለእናንተም ጣቢያ ሸጫለሁ፤ ምነው፣ እስረኛ ሞተባችሁ?»

«ዙቤዳ፣ ጨዋታ ላይ አይደለሁም።»

«እኔም አልተጫወትኩ። ጎረቤቴ ሞታብኛለች።» ሚዛኑን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ልጅቷ እንደዚያ አታደርግም፤ ወላሂ! ጠዋት ይጣሉ ነበር፣ ማታ አንዷ የሌላዋን ራስ ስትሠራ ታያቸዋለህ።»

«ከቤታቸው ትበያለሽ?»

«ወተትና ቂጣ ሲኖር እበላለሁ። ጾም ከገባ አልሄድም፤ ጎመን ብቻ ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል የጓሮው ጎመን በዝቶላቸው! ሚስታቸው ጉልበቷን ሲያማት ገበያ እንዳትወርድ ብለው የተከሉላት ነው። እሷ ደግሞ ጾም ማጥበቅ ትወዳለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አትቀምስም፤ ከቀመሰችም እሱኑ ነው። ለነሱ ሽሮውን ትታላቸው፣ እሷ ጎመኑን።»

እንባዋ መጣ፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። መቶ አለቃው ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ የአይጥ መርዝ እንድታወርድለት ጠየቃት፤ ያንንም እንዲመረመር ወደ አዲስ አበባ ላከው።

አሰፋች በዚያው ዕለት ታሰረች።

*

በጣቢያው እስረኛ የሚበላው ከቤት የመጣለትን ነው። ስንቅ የሚያመጣ ሰው ደግሞ በሩ ላይ፣ ዘቡ እያየ፣ ካመጣው ይቀምሳል። ምግቡ ደኅና ለመሆኑ ሌላ ዋስትና የለም።

የአሰፋች ወላጆች ከኦጎልቾ ማዶ ገጠር ናቸው፤ በየቀኑ ሊመጡ አይችሉም። ስንቋን የሚያመጡላት ጋሽ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በበልጉ ጭቃ ምሳ ዕቃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸፍነው ይመጣሉ። የበሩ ዘብ ሃምሳ አለቃ ኸይሩ ክዳኑን ያስከፍታቸዋል።

«ይቅመሱ አባባ።»

«ትናንት ቀምሼልህ አልነበር?»

«የትናንቱ ለትናንት ነው። ደንብ ነው፣ አይቀየሙኝ።»

«ምን እቀየማለሁ። ጾም ማስፈታትህ ነው እንጂ፤ ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም።»

«ኃጢአቱን ለኔ ያድርጉት፤ እኔ በረመዳን አወራርዳለሁ።»

ሽማግሌው እየሣቁ ይጎርሳሉ። ሰፈሩ ግን አይሥቅም ነበር። የሚስቱን ገዳይ የሚቀልብ ባል ማን አየ ይባላል። አንድ ጠዋት ገብረወልድ በሩ ላይ ጠብቆ ምሳ ዕቃውን ከእጃቸው ሊነጥቅ ታገለ።

«የእህቴን ደም ያፈሰሰችውን ታበላለህ? አንተ ሰው ነህ?»

«ገብሬ፣ ልቀቀኝ፤ ምግቡ ይደፋል።»

«ይደፋ!»

«ልጄ አደራ ብሎኝ የሄደው እሷን ነው። ገድላ እንደሆነ ፍርዱ ሲመጣ እናያለን። እስከዚያ ግን ትራባለች እንዴ?»

ኸይሩ ገላገላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ገብረወልድ ወደ ጢቾ ተመለሰ፤ የእህቱን ባል ሳይሰናበት።

*

ሁዳዴ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ዶክተር ገብረ መድህን መቶ አለቃውን ወደ ሆስፒታሉ አስጠራው። ሐኪሙ በሥራ ብዛት የጎበጠ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ውጤቱ መጥቷል። ሴትዮዋ በመርዝ ነው የሞተችው። አርሴኒክ ይባላል፤ እንደ እርሳስና እንደ ሜርኩሪ ካሉት ከባድ ብረቶች ጋር የሚቆጠር ነው።»

መቶ አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ።»

«አላለቀም። የሱቁ የአይጥ መርዝ ሌላ ነገር ነው፤ አርሴኒክ የሚባል የለበትም። ሁለተኛ፣ ፀጉሯ ውስጥ ከሥር እስከ ጫፍ ተገኝቷል። በአንድ ቀን የተሰጣት አይደለም፤ ለብዙ ወራት ትንሽ ትንሽ ሲገባ ቆይቷል።»

«ከአንድ ቤት ሆና በየቀኑ ጣል ብታደርግባትስ?»

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ።»

በማግስቱ አሰፋች ከእስር ቤቱ ወለል ላይ ወደቀች። ስታስመልስ አድራ ነበር። ዶክተር ገብረ መድህን ጣቢያ ድረስ መጥቶ እግሯን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፤ አልተሰማትም። ከዚያ እጇን ይዞ ወደ መስኮቱ አስጠጋት።

«መቶ አለቃ፣ ና እስቲ።»

በጥፍሮቿ ላይ አግድም የተሠመሩ ነጫጭ መስመሮች ነበሩ። አንደኛው መሐል ላይ ነው፤ ሌላው ከጥፍሩ ሥር ገና መውጣቱ ነው።

«ይሄ መርዙ የሚተወው ምልክት ነው። የሥሩ መስመር የቅርብ ነው፤ ከታሰረች በኋላ የገባ ነው።»

«እዚህ? እስር ቤት ውስጥ?»

«እዚህ።»

አሰፋች ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። «እኔንም ሊገድሉኝ ነው?» አለች። «ማን?»

ዶክተሩ እጇን ቀስ ብሎ አስቀመጠላት። መቶ አለቃው ግን በልቡ የጠረጠረው ሰው ነበር። ከታሰረች ጀምሮ ከአንድ ሰው እጅ በቀር ምግብ አልበላችም።

*

በማግስቱ ጠዋት ከኸይሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል መጡ፤ ክዳኑን ከፈቱ። እንጀራ፣ ትንሽ ሽሮ፣ ብዙ ጎመን። ጎመኑን ጠቅልለው ጎረሱ፤ ሳይባሉ ደገሙ።

«ዛሬስ ራበዎት» አለ ኸይሩ።

«ብቻዬን ምግብ አይወርድልኝም። እዚህ ሰው ሲያየኝ ይሻለኛል።»

መቶ አለቃው ክዳኑን በሚዘጉት እጆች ላይ ዓይኑ ቀረ። መዳፋቸው እንደ ምስር ፍሬ ጠጣር በሆኑ እብጠቶች ተሞልቷል። አንገታቸው ላይ፣ አቧራ ላይ ካፊያ እንደጣለበት ሁሉ፣ ጠቆርና ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። ይህን በየቀኑ በዚህ በር ሲያልፉ አይቶት አያውቅም ነበር።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«የዶማ ነው። ጓሮ ሲቆፍሩ እጅ ይቆረፍዳል።»

«እግርዎትንስ ያቃጥልዎታል?»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ማን ነገረህ? አሰፋች ናት? እርጅና ነው፤ ሌሊት ሌሊት ከጋቢ ውጭ ነው የማሳድረው።»

ምሳ ዕቃው ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል መቶ አለቃው ተቀበለው። «ዛሬ ሐኪሙ ሌላ ምግብ አዝዞላታል» አለ። ሰው ራሱ የመረዘውን ምግብ ደጋግሞ አይጎርስም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። «ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ ቤትዎን ልይ። አብረን እንሂድ።»

*

ጭላሎ በደመና ተሸፍኖ ነበር። መቶ አለቃው በቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀ። ውሃው? ከቦኖ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ነው። ዱቄቱ? ከዙቤዳ ዱቄት ጋር በአንድ ወፍጮ የተፈጨ። ጨውና በርበሬው? ከዚያው ከሷ ሱቅ። ዙቤዳ ደግሞ ጤነኛ ናት።

ከዚያ በጓዳው በር ወደ ጓሮ ወጡ።

የጎረቤቶቹ ጎመን በአጥሩ ቀዳዳ ይታያል፤ የገረጣና ድንክ ነው። የጋሽ ወልደ ሚካኤል ግን ደረት ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ጥቁር እስኪመስል አረንጓዴ ነው። ዝናቡ ያነጠረው ጭቃ ከሥሩ ባሉት ቅጠሎች ላይ ተረጭቷል።

«ከዚህ ሌላ ሰው ይበላል?»

«ለማን ይበቃል ብለህ። ቤተሰቡ ነው።»

«ምን አድርገውበት ነው እንዲህ የበቀለው?»

ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «ፍግ ነዋ! ይሄ ዝም ብሎ ፍግ መሰለህ? ወደ ኦጎልቾ መውረጃ ላይ የነበረውን የባላባቱን የከብት እርሻ ታውቀዋለህ? ከአብዮቱ በፊት እዚያ ነበርኩ፤ መንከሪያው ላይ።»

«መንከሪያ?»

«መዥገር የሚገደልበት ነዋ። በሲሚንቶ የተሠራ ረጅም ጉድጓድ ነው። ውሃ ይሞላና ከብቱ በአንድ በኩል ገብቶ፣ ዋኝቶ በሌላው ይወጣል። ከብት ደግሞ ሲደነግጥ ፋንድያውን ይጥላል። የስንት ዓመት ፋንድያ ከታች ረግቶ ቀረ! እርሻው ከተወረሰ በኋላ ጉድጓዱ ደረቀ፤ ፍጉ እንደ ጥቁር ቅቤ ሆኖ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እያለፈው ይሄዳል። ካቻምና ጋሪ ነጂውን ቱሳን አስጭኜ አስመጣሁት፤ ዓምናም ደገምኩ።»

መቶ አለቃው ከጎመኑ አንድ እርምጃ ራቀ። «መዥገሩን የሚገድለው ምን ነበር?»

«ዱቄት ነበር፤ ነጭ። ውሃው ላይ እንበጠብጠዋለን።»

«መርዝ ነዋ።»

«ያኔማ መርዝ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፤ ጥጃ ጠጥቶት ሞቷል። አሁን ግን ውሃው የለም። ስንት ክረምት ዘንቦበት፣ ስንት በጋ ደርቆ! መርዝም ያረጃል እኮ ልጄ።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አፈር ዘገነ፤ አንድ ቅጠልም ቆረጠ። «እስክመለስ ከዚህ አይብሉ፤ ለአሰፋችም አያምጡላት» አለ።

«ለምን?»

«እስክመለስ ብቻ።»

ቱሳን ገበያው ጥግ፣ ፈረሱን ገብስ ሲያበላ አገኘው።

«ኤዬ፣ እኔ ነኝ የጫንኩት» አለ ቱሳ። «ለሳቸው ብቻ ነው እስካሁን። ጎመናቸውን አይተው የቀበሌ ሴቶች ማኅበርም ለክረምት አዝዘውኛል፤ ለአትክልት ቦታቸው። ምነው፣ የመንግሥት ንብረት ነው እንዴ? አቦ፣ ፋንድያም ተወረሰ?»

«ቱሳ፣ ወደዚያ ጉድጓድ ዳግመኛ እንዳትሄድ። ለማንም እንዳትጭን።»

የሰውየውን ፊት አይቶ ቱሳ መቀለዱን ተወ።

*

ቅጠሉና አፈሩ አዲስ አበባ ደርሰው ውጤታቸው እስኪመጣ ሰሞነ ሕማማት ገባ። በሁለቱም ውስጥ አርሴኒክ ተገኝቷል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው እጅግ ብዙ ነው።

«መርዝ ያረጃል ይላሉ» አለ መቶ አለቃው።

ዶክተር ገብረ መድህን ራሱን ነቀነቀ። «የሚያረጅ አለ። ይሄኛው ግን አይበሰብስም፣ በፀሐይም አይጠፋም፤ እንደ ድንጋይ አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል። ሥሩ ከአፈሩ ይወስዳል፣ ዝናቡ ጭቃውን ቅጠሉ ላይ ይረጫል። ማጠብ የላዩን ይቀንሳል እንጂ የውስጡን አያወጣም፤ መቀቀልም አይገድለውም። በላተኛው ደግሞ አያውቅም፤ ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። ሆድን ያማል፣ እግርን ያደነዝዛል፣ ቆዳን ያጠቁራል። ሰው እርጅና ነው ይላል፣ ቃር ነው ይላል።»

«ሴትዮዋ ከሁሉም አብልጣ ትበላ ነበር።»

«ስለ ጾመች» አለ ሐኪሙ። «ሽማግሌው ሊነገራቸው ይገባል። ቅጠሉን ነቅላችሁ ቅበሩት እንጂ እንዳታቃጥሉት። እሳቸውም መታከም አለባቸው።»

መቶ አለቃው በሥራ ዘመኑ ለብዙ ሰው ገዳዩን ነግሯል። እንዲህ ያለውን ግን እንዴት እንደሚጀምር አላወቀም። ጋሽ ወልደ ሚካኤልን ደጃፋቸው ላይ፣ ድንኳኑ የነበረበት ቦታ፣ ተቀምጠው አገኛቸው። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አሰፋች አይደለችም» አለ።

«ተመስገን!» አሉ ሽማግሌው፤ ደስታው ድምፃቸውን ሰበረው። «ማን ነው ታዲያ?»

መቶ አለቃው ወደ ጓሮው አየ። ሌላ ነገር አላለም። ሽማግሌው ዓይኑን ተከትለው አዩ።

«ሦስት ጊዜ ነበር የምታጥበው» አሉ።

«ማጠብ አያወጣውም።»

«ፍጉ ነው?»

«ፍጉ ነው።»

«ሆዴን ስትለኝ፣ ጎመን ብይ፣ ሆድ ያለሰልሳል አልኳት።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «በላች። እኔ ያልኳትን መቼ እምቢ ትላለች። አሰፋችስ?»

«እሷም ታማለች። ግን ሐኪሙ ተስፋ አለው።»

«በእጄ ወስጄ! ቀምሼ!»

«ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ አያውቁም ነበር።»

«ጥጃው ጠጥቶት ሞቷል አላልኩህም? አውቅ ነበር እኮ።» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ማን ይታሰራል እንግዲህ?»

«ማንም አይታሰርም።»

«ሰው ሞቶ?»

መቶ አለቃው ሲጨልም ተነሥቶ ሄደ፤ ዙቤዳን ጠርቶ ከሽማግሌው ጋር እንድትቆይ አደረገ።

*

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ወልደ ሚካኤል ወደ ጣቢያው በር መጡ። ምሳ ዕቃ አልያዙም። ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ሰሌን፣ በትከሻቸው አንድ ብርድ ልብስ ነበር።

«ስንቁስ አባባ?» አለ ኸይሩ።

«ዛሬ የምገባው እኔ ነኝ። በሩን ክፈትልኝ።»

«የት ነው የሚገቡት?»

«እሷ ከነበረችበት። እሷ ትውጣ።»

ኸይሩ ወደ መቶ አለቃው ዞረ። መቶ አለቃው የአሰፋችን የመፈቻ ወረቀት ይዞ ከቢሮው ወጥቶ ነበር። ስለ ሕጉ ሊነግራቸው ጀመረ፤ ሳያውቁ፣ ክፉ ሳያስቡ ያደረጉት ነው አላቸው። ሽማግሌው ጨርሰው ሰሙትና ሰሌናቸውን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ጭቃው ላይ ዘረጉ። ተቀመጡበት። የሚያነሣቸው አልተገኘም፤ ኸይሩ ካፖርቱን አውልቆ ደረበላቸው።

ከቀትር በኋላ አሰፋች ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ወጣች። ምን እንደሆነ ተነግሯታል። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሲያዩዋት ፊታቸውን በብርድ ልብሱ ሸፈኑ። ሴቶቹን ለቀቀቻቸው፤ እግሯ አልጸና ሲላት ሰሌኑ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባዬ።»

ብርድ ልብሱን ይበልጥ ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«አባዬ፣ ብርድ ነው። ይነሡ።»

«በምን ዓይኔ ልይሽ?»

«እኔም ብቻዬን መነሣት አልችልም» አለች። «እጅዎን ይስጡኝ።»

ቆይተው እጃቸውን ሰጧት። ሁለቱንም ኸይሩና መቶ አለቃው አነሧቸው።

በዚያው ከሰዓት በአንድ ጋሪ ወደ ሆስፒታል ተወስደው ተኙ። መቶ አለቃ ግዛቸውም ከሦስት ፖሊሶች ጋር ወደ ቤቱ ሄዶ ጎመኑን ከነሥሩ አስነቅሎ አስቀበረው።